የሁለትዮሽ ስምምነት ምንድን ነው? ከአሰብ ወደብ እስከ ባድመ

ሁለት መሪዎች ሰነድ ይፈርማሉ፣ ማህደር ይለዋወጣሉ፣ ይጨባበጣሉ። ዜናው «የሁለትዮሽ ግንኙነታቸውን ለማጠናከር ተስማሙ» ይልና ወደ ስፖርት ያልፋል። ማህደሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረን የለም። ዋናው ጉዳይ ግን እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሳይጻፍ የቀረው ነው።

የሁለትዮሽ ስምምነት ሁለት አገሮች ብቻ እርስ በርስ የሚገቡት ውል ነው። ስለ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አንድ አገር መደበኛ በረራ ሲጀምር ከጀርባው የሁለቱ መንግሥታት የአየር አገልግሎት ስምምነት አለ። አንዲት ወጣት በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወደ ገልፍ አገር እንድትሄድም፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ከተቀባይዋ አገር ጋር የሥራ ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ንግድ፣ ቀረጥ፣ ወደብ፣ መከላከያ፣ ድንበር፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

የሰነዶቹ ክብደት ግን እኩል አይደለም። የመግባቢያ ሰነድ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሐሳብን ከመግለጽ አያልፍም። ውል ሲሆን አገርን ያስራል። በኢትዮጵያ አስፈጻሚው አካል የፈረመውን ውል ፓርላማው ያጸድቃል፤ ከጸደቀ በኋላ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

ይህን በደረቁ ከማስረዳት ደጃፋችን ላይ የሆነውን ማየት ይሻላል። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርትራ በ1985 ነፃነቷን ስታውጅ አስመራና አዲስ አበባ ያሉት መሪዎች ደርግን አብረው የተዋጉ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ፤ ሌሎች ፕሮቶኮሎችም ተከተሉ። ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟን ቀጠለች። ኤርትራም በብር መገበያየቷን ቀጠለች። ሰውና ዕቃ እንደ ልብ ያልፍ ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ጉርብትና ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ፣ ሁለት መንግሥታት አንድ ገንዘብ ይዘው የሚያስተዳድረው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ብር የሚታተመው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ውሳኔ ነበር። የንግድ ፖሊሲው ግን ለየብቻ ነው። በአዲስ አበባ በኩል «ቡናችንን በብር ገዝተው በዶላር ይሸጡታል» የሚል ቅሬታ ይሰማ ነበር። በአስመራ በኩል ደግሞ በሌላ አገር ባንክ በሚመራ ገንዘብ የራስን ኢኮኖሚ መምራት አይቻልም የሚል ስሜት ነበር። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው ያማረሩ አይመስለኝም። ወንድማማቾች ሱቅ በጋራ ከፍተው፣ በመተማመን ብዛት መዝገብ ሳይዙ እንደሚቀሩት ነው የሆነው።

በ1990 መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። የአስመራ ፍላጎት አንድ ናቅፋ በአንድ ብር እንዲመነዘርና ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገሮች እንዲሠሩ ነበር። አዲስ አበባ አልተቀበለችም። ከ2,000 ብር የማይበልጠው የድንበር ጥቃቅን ንግድ ሲቀር፣ ሌላው ሁሉ ከማንኛውም የውጭ አገር ጋር እንደሚደረገው በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። የብር ኖቶችንም ቀየረች።

ኤልሲ ከፍቶ የሚያውቅ ነጋዴ የዚህ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል። ባንክ መሄድ፣ ሰነድ ማሟላት፣ ዶላር መጠበቅ አለ። ትናንት ጤፍ ጭኖ አስመራ የሚያራግፍ፣ ሲመለስ ሌላ ዕቃ የሚጭን ሰው፣ ዛሬ አስመጪና ላኪ ሁን ተባለ። ከኤርትራ የውጭ ሽያጭ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ንግዱ ደረቀ፤ የቀረውም ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ።

ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሚያዝያ መጨረሻ 1990፣ ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡባት የድንበር ከተማ በባድመ ተኩስ ተከፈተ።

«ጦርነቱ የናቅፋ ጦርነት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ድንበሩ መሬት ላይ አልተሰመረም፤ በሁለቱ ገዥ ፓርቲዎች መካከልም የቆየ ቁርሾ ነበር። ሆኖም የንግዱ መድረቅ አንድ ነገር አድርጓል። በሁለቱም በኩል «ኧረ ተዉ፣ እንጎዳለን» የሚል ባለ ጥቅም እንዲያንስ አድርጓል። የተሳሰረ ንግድ ጦርነትን አይከለክልም፤ የጦርነቱን ዋጋ ግን ያስወድዳል። ባድመ ላይ ጥይት ሲጮህ ያ ዋጋ ረክሶ ነበር።

በሁለት ዓመቱ ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ሌሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ከኖሩበት ቤት ተባረሩ። አሰብ ጭር አለች። የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን በዚያ ያልፋል። ከጅቡቲ ጋር ያለው ግንኙነት በፍቅር ቃል የተሞላ አይደለም። ስለ ወደብ ክፍያ ንትርክ አይጠፋም፤ ክፍያው በዶላር መሆኑም ያማል። ግን የሚጨበጡ ነገሮች አሉት። በ1994 የተፈረመ የወደብ አጠቃቀም ስምምነት አለ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ከሶማሌ ክልል ተቀድቶ ጅቡቲ የሚገባ ውሃ አለ። በ2009 የተመረቀ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባቡር ሐዲድም አለ። አንዱ ሲኮርፍ ሌላውም አብሮ ይጨልምበታል።

ወደ ባድመ እንመለስ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 መለስ ዜናዊና ኢሳያስ አፈወርቂ አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ድንበሩን የሚወስን ገለልተኛ ኮሚሽን ይቋቋማል፣ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ተባለ። ኮሚሽኑ ምን ይዞ ይወስን? ሌሎች ውሎችን! አፄ ምኒልክና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 (በዚህኛው ብሪታንያም ነበረች) እና በ1908 የተዋዋሏቸውን። መቶ ዓመት ያስቆጠረ ወረቀት ተነስቶ የሰው መንደር የየት እንደሆነ ተናገረ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመም ለኤርትራ ሆነች።

እዚህ ላይ ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር አለ። የሁለትዮሽ ውል የሚያስረው ሁለቱን ነው፤ መዘዙ ግን ውጭ ላለው ይተርፋል። የምኒልክና የጣሊያን ውል ሲፈረም ኤርትራዊ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉ ኢትዮጵያም አልነበረችም። ኢትዮጵያ «ያልፈረምኩት ውል አያስረኝም» ስትል ሕጋዊ መሠረት አላት። ግብፅ ግን ቁጥሩን እስከ ሕዳሴ ግድብ ድርድር ድረስ ይዛው መጥታለች።

የአልጀርሱ ውል በወረቀት ደረጃ ጠንካራ ነበር። የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከጀርባው ቆመው ነበር። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ተቃወመች፣ በኋላም «በመርህ ደረጃ ተቀብያለሁ፣ አፈጻጸሙ ላይ እንነጋገር» አለች። ኤርትራ «ምን ንግግር አለ፣ አስምሩ» አለች። ዋስ የነበሩት ማንንም አላስገደዱም። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል በ2000 ተሰናበተ። ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ዘመን እስከ 2010 ቆየ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ። መስከረም ላይ ጂዳ ውስጥ ሁለተኛው ሰነድ ተከተለ። ያኔ ያልተደሰተ ማን ነበር? ተለያይተው የኖሩ ቤተሰቦች ሲገናኙ አየን። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳና የቡሬ መንገዶች ተከፈቱ። ሲሚንቶና እህል ወደ ኤርትራ ተጫነ፤ መቀሌና ዓዲግራት በገበያተኛ ተሞሉ።

ሁለቱን ሰነዶች ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ስለ ንግድ የሚያገኘው ጥቅል ቃል ብቻ ነው። ትብብር ይደረጋል፣ ኢንቨስትመንት ይስፋፋል ይላሉ። ብር በስንት ናቅፋ ይመነዘራል? ቀረጡ ስንት ነው? ማን፣ በምን ወረቀት ያልፋል? በሰነዶቹ ውስጥ የለም። በ1990 ያጣላው ጥያቄ በ2011ም ሳይመለስ ድንበሩ ተከፈተ፤ ምንዛሪው ለጥቁር ገበያ ተተወ። ታኅሣሥ ላይ ዛላምበሳ እንደገና ተዘጋ፤ ሚያዝያ ላይ የቀሩትም ኬላዎች ተከተሉ። ሁለቱም መንግሥታት ግልጽ ምክንያት አልሰጡም።

የአየር በረራው ብቻ ከዚያ በኋላም ቀጥሎ ነበር። እሱም ነሐሴ 28 ቀን 2016 ተቋረጠ። አየር መንገዱ የሰጠው ምክንያት እዚያ የሸጠውን ትኬት ገንዘብ ከኤርትራ ባንክ ማውጣት አለመቻሉን ይጨምራል።