ስትራስ ምንድን ነው?

በአበባ ቅርጽ ከስትራስ የተሠራ አንድ የቆየ የፈረንሳይ የደረት ጌጥ ፎቶ ሰሞኑን ሲዘዋወር፣ በየፈርጡ መሃል ጥቁር ነጥብ ያየ አንድ አስተያየት ሰጪ «የተበላሸ አርቲፊሻል አልማዝ ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ» ብሎ መክሯል። እንዲህ ያለው ምክር በተደጋጋሚ ስለሚሰጥና ጌጡን ለዘለቄታው ስለሚያጠፋው ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ስትራስ እርሳስ በብዛት የገባበት፣ እንደ ከበረ ድንጋይ ተቆርጦ የተወለወለ ብርጭቆ ነው። ስሙን ያገኘው ከአልሳስ መጥቶ በፓሪስ ከሠራውና እ.ኤ.አ. በ1734 የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ጌጥ ሠሪ ሆኖ ከተሾመው ከዦርዥ ፍሬዴሪክ ስትራስ ነው። አልማዝ ቆራጭ ድንጋዩ እንዳይባክንበት ሲሰስት፣ ብርጭቆ ቆራጩ ግን እያንዳንዱን ፈርጥ በአበባው ቅጠል ልክ ቀርጾ ጎን ለጎን ክፍተት ሳይተው ይገጥመዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ከፈርጡ ሥር ፎይል የሚባል ስስ የብረት ሉህ ይነጠፍና ማቀፊያው ከኋላ ይደፈናል። ነገሩ ከቆየ የግድግዳ መስታወት ጋር ይመሳሰላል፤ ፊታችንን የሚያሳየን ከብርጭቆው ጀርባ የተቀባው ብር ስለሆነ፣ እርጥበት ከጠርዙ ገብቶ ብሩን ሲበላው የሚወጣው ጥቁረት ፊት ለፊቱን ቢወለውሉት አይለቅም። ስትራስም ሲታጠብ ውሃው ወደ ፎይሉ ይሰርግና ያጠቁረዋል። በእርግጥ የስትራስ ብርጭቆ በእርሳሱ ምክንያት ብርሃንን ከተራ ብርጭቆ አብልጦ ስለሚያጥፍ፣ ጀርባው ቢበላም ጥቂት ብልጭታ ይቀርለታል።

በፎቶው ላይ የታየው ነጥብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የ18ኛው መቶ ዘመን አልማዝ የታችኛው ጫፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይቆረጥ ስለነበር ከላይ ሲታይ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ነበረው፤ ብርጭቆ ቆራጮችም ያንን መልክ ለማምጣት የፈርጡን ጫፍ ጥቁር ይቀቡት ነበር። ክብ ሆኖ በየፈርጡ እኩል መሃል ላይ የተቀመጠ ነጥብ የባለሙያው እጅ ሥራ ሲሆን፣ ከጠርዝ ተነሥቶ ቅርጽ አልባ ሆኖ የሚስፋፋው የእርጥበት ጉዳት ነው።

ለጽዳት ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ አበባው በቀጭን የሽቦ ጥቅል ላይ የቆመና የለበሰችው ሴት ስትንቀሳቀስ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ጥቅሉን መንካት አይገባም። በ18ኛው መቶ ዘመን እውነተኛ አልማዝም ጀርባው በተደፈነ ማቀፊያ ከፎይል ጋር ይታቀፍ ስለነበር፣ የማቀፊያውን ጀርባ ብቻ አይቶ «ስትራስ ነው» ብሎ መፍረድም አይቻልም።