«የራሴ ስብ ምን ያደርገኛል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ደም ሊሰጥ የገባ ሁሉ ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ስለሚችል ሴል፣ ይጠይቀኛል። ቲክቶክ ላይ አይተው ነው። ከሆድ ስብ ይወጣል፣ ጉልበት ላይ ሲወጋ ያድናል፣ ዓይን ያበራል፣ ስኳር ያጠፋል ይባላል። ሁልጊዜ ያንኑ መመለስ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

«ስብ ውስጥ ስቴም ሴል የለም።» አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2001 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ከሰው ስብ ለይተው አሳይተዋል።

«ላት የበላ ያገኘዋል።» አያገኝም። የበላነው ሁሉ ሆድ ውስጥ ይፈጫል።

«በዱቄት የሚሸጠውስ?» ሕያው ሴል ዱቄት ሆኖ በሻንጣ አይዞርም። ብራችሁን ያዙ።

«ስቡን በመርፌ መጥጠው አውጥተው መልሰው ከወጉኝ ስቴም ሴል ሰጡኝ ማለት ነው።» አይደለም። የተመጠጠው ስብ መጀመሪያ ይታጠባል። ከዚያ ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም በ37 ዲግሪ ሙቀት ይፈታል። ሴንትሪፉጅ በሚባል ማሽን ሲሽከረከር ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሴሎቹ ታች ይዘቅጣሉ። እዚያ ዝቃጭ ውስጥ የደም ሴል አለ፣ የደም ሥር ግድግዳ ሴል አለ። ስቴም ሴሉ ከመካከላቸው ጥቂቱ ነው። እሱን ለመለየት ሴሎቹ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ይዘራሉ፤ የሚጣበቀው ይቀራል፣ የቀረው ይታጠባል። አባዝቶ ለመመርመር ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ጠዋት ገብታችሁ ከሰዓት የምትወጡበት ክሊኒክ ይሄን ሁሉ አላደረገም።

«የራሴ ስብ ነው፣ ምን ያደርገኛል?» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከቡሬ አንድ ልጅ እናቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባህር ዛፉን ሸጦ ውጭ አገር ሊያሳክማቸው አስቧል። «ወንድሜ፣ የራሷ እኮ ነው» አለኝ። የረጋ ደምም የራስ ነው፣ ጭንቅላት ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ግን ስትሮክ ያመጣል። የራስ መሆኑ ሰውነት እንደ ባዕድ እንዳይቆጥረው ይረዳል እንጂ ከሌላ ጉዳት አያድንም። ሴሉ ከሰውነት ወጥቷል፣ ብዙ ዕቃና እጅ ነክቶታል። ኮላጅኔዙ ራሱ ከባክቴሪያ የሚገኝ ነው፤ በደንብ ታጥቦ መውጣት አለበት። ጀርም መኖር አለመኖሩ ሳይመረመር የተወጋ ሴል መገጣጠሚያ ሊያመረቅዝ ይችላል።

አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የታከሙ የሦስት ሴቶችን ታሪክም ነገርኩት። ከ72 እስከ 88 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ከገዛ ስባቸው የወጣ ሴል በአንድ ቀን ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወጋ። ለዚህም 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ዓይናቸው ደማ፣ ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ተላቀቀ፣ ብርሃናቸውን ክፉኛ አጡ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ የተዘጋጀ ሴል ከራስ የተወሰደ ቢሆንም መድኃኒት ነው፣ እንደ መድኃኒት ቁጥጥር ይደረግበታል ብሎ ወስኗል።

«አውሮፓ ፈቅዶት የለ?» ከስብ ስቴም ሴል የተሠራ አንድ መድኃኒት ፈቅዶ ነበር፤ አሎፊሴል ይባላል። ለጉልበት ግን አይደለም። ክሮን በሚባል የአንጀት በሽታ ምክንያት ፊንጢጣ አጠገብ ለሚፈጠር ፊስቱላ (ያልተለመደ ቀዳዳ) ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቀደ። በኋላ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከማስመሰያ መድኃኒት አልበለጠም፤ በ2024 ከገበያ ወጣ። ለጉልበት ጥናቱ ቀጥሏል፣ ያለቀ ልም አጥንት መልሶ እንደሚያበቅል ግን አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ማንም «ስቴም ሴል ልስጥህ» ሲላችሁ ጠይቁት። ሴሉን የለየው የትኛው ላቦራቶሪ ነው? የጀርም ምርመራው ውጤት የት አለ? ፈቃድ የሰጠው ማነው? ጥናት ነው ካለ ደግሞ ለምን ያስከፍላል? መልሱ ከተድበሰበሰ ውጡ።

ጉልበቱ ለሚያማችሁ፦ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በየቀኑ ሥሩ፤ ክብደት ካለ ቀንሱ። ማስታገሻ ያለ ትዕዛዝ አትዋጡ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። እኒያ እናት ከዘራቸውን በሚያማቸው ጉልበት በኩል ነበር የያዙት። «እማማ፣ በዚያኛው እጅዎ» አልኳቸው። ቀኝ ጉልበት ካመመ ከዘራው በግራ እጅ ነው የሚያዘው።