«ጉልበት ይጠይቃል» እና ሌሎችም፦ ስለ ሴት መሐንዲስ የሚባለውና እውነታው

አንዲት ልጅ «መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ» ስትል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍላታል። አብዛኛው ሙያውን ከሩቅ ካየ ሰው የሚመጣ ነው።

«የጉልበት ሥራ ነው፤ ሴት አትችለውም»

ብሎን ለማጥበቅ ከክንድ ይልቅ የቁልፍ ርዝመት ይረዳል። 80 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል የሚፈልግን ብሎን በ20 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ለማጥበቅ ጫፉ ላይ 400 ኒውተን፣ ማለትም የ40 ኪሎ ያህል ክብደት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ ይበቃል። እንዲያውም ጣጣ የሚያመጣው ጉልበት የተረፈው ሰው ነው፦ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ «ትንሽ ልጨምርለት» ሲል የብሎኑ ጥርስ ይበላል፣ ወይም ብሎኑ ይቆረጣል። ቶርክ ሬንች የሚባለው መጠን የሚለካ ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። ከባድ ዕቃም በማንሻ ይነሳል፤ በወገቡ የሚታገል ወንድ ጎበዝ ሳይሆን ግዴለሽ ነው።

ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው። የሰፋ የደኅንነት ጫማ መሰላል ላይ ያደናቅፋል፤ በእግርሽ ልክ ጠይቂ፣ «ይሄው ነው ያለን» ቢሉሽም አትቀበዪ። ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ወይም ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ላይ ደግሞ ጓንት አይደረግም፤ የሚሽከረከረው ነገር ጓንቱን ይዞ እጅን ይስባል። ፀጉርም ይታሰራል፣ ሻርፕም ይወልቃል።

«ድሮዊንግ ማንበብ ተሰጥኦ ነው»

ድሮዊንግ፣ ማለትም የምህንድስና ንድፍ፣ ማንበብ ጠፍጣፋ ሥዕል አይቶ ሙሉ ቅርጹን በአእምሮ ማየት ነው። ብዙ ሴቶችን ገና በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ አባባል ነው፤ ስህተትም ነው። ፕሮፌሰር ሼሪል ሶርቢ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካው ሚሺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ብቻ የሚሆን ኮርስ ጀምረው፣ በዚህ በኩል ደካማ የነበሩ ተማሪዎች በልምምድ እንደሚሻሻሉ አሳይተዋል።

ልምምዱ ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ሳሙና ወስደሽ አንዱን ጫፍ በደረጃ ቅርጽ ቁረጪ። ከፊት፣ ከላይና ከቀኝ እያየሽ ሦስቱንም ሳዪ፤ የተደበቀው ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። ከዚያ ሳሙናውን ደብቂና ከሦስቱ ሥዕሎች ብቻ ሙሉ ቅርጹን መልሰሽ ሳዪ። ሲቀልልሽ ሁለተኛ ቁራጭ በሰያፍ ቁረጪ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት፣ ምክንያቱም ሰያፍ ገጽ ከሦስቱ እይታዎች በአንዱም እውነተኛ መጠኑን አያሳይም።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ሥዕሎቹን ወረቀት ላይ የመደርደሪያ ሁለት ስልቶች አሉ፤ ከቀኝ የታየው ሥዕል ሦስተኛ ማዕዘን ትንበያ በሚባለው ከፊት ከታየው በስተቀኝ፣ በአንደኛ ማዕዘን ግን በስተግራ ይቀመጣል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን ትንሿን የሾጣጣ ምልክት ያላየ ሰው የሚሠራው ዕቃ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ይወጣል።

«በሒሳብ አንደኛ ያልወጣች አትሞክረው»

አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ በደንብ ይፈለጋሉ፣ ካልኩለስም አይቀርም። ሥራ ላይ የሚያሳፍረው ስህተት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመለኪያ አሃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ማርስ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው አንዱ ወገን በፓውንድ ያወጣውን ቁጥር ሌላው በኒውተን ስላነበበው ነው፤ ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ይሆናል። በየመስመሩ አሃዱን ጻፊ፤ ካልኩሌተር ከመንካትሽ በፊትም መልሱን በግምት አስቀምጪ።

«ድሮ ሴት መሐንዲስ አልነበረችም»

አሜሪካዊቷ ኢዲት ክላርክ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ያገኘችው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው።

«ዲግሪው ካለ ሥራው ይመጣል»

ዲግሪ በሩ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግሽ ራስሽ የሠራሽውን አንድ ነገር የሚያሳዩ ሁለት ገጾች ናቸው፦ ችግሩ፣ ልኬት ያለበት ንድፍ፣ ስሌቱና በተግባር የተለካው ውጤት። ለምሳሌ ስሌቱ የመደርደሪያሽ እንጨት 12 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል ብሎ ሲለካ 15 ከሆነ አትደብቂው፤ ሦስቱ ሚሊ ሜትር ከየት እንደመጡ ጻፊ፣ ድጋፉ ላልቶ ይሆን ወይስ እንጨቱ ካሰብሽው ቀጥኖ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ተበላሸብሽ?» ሲሉሽ የምትከፍቺው ያንን ገጽ ነው።