«ደርሳለች» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዜብራ ፊንች የሚያረቡ ሰዎችን የሚያደናግር አንድ ቃል አለ፤ «ደርሳለች»። ይህች የአውስትራሊያ ትንሽ ወፍ በ3 ወር ገደማ እንቁላል መጣል ትችላለች። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ወንድ ያስገባላታል። እባካችሁ አትቸኩሉ። መጣል ቻለች ማለት ሰውነቷ ጠንክሯል ማለት አይደለም። ቢያንስ 6 ወር ይሙላት፤ 9 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ለምን? ያልጠናች ወፍ እንቁላሉ ውስጧ ሊቀረቀርባት ይችላል። ላባዋን ነፍታ ወለሉ ላይ ኩርምት ትላለች፤ ቶሎ ካልተረዳች ትሞታለች። ብርድ ይህን ያባብሰዋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ትንሽ ይቀላችኋል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። የወፏን ቤት ከመስኮት አርቁት። እኔ በእነዚያ ወራት ወፎቹን ለእርባታ ባታገናኙ እመርጣለሁ።

ሌላው «የዳበረ እንቁላል» የሚባለው ነው። ሴቷ ያለ ወንድም ትጥላለች፤ ያ እንቁላል ግን አይፈለፈልም። መታቀፍ ከጀመረች ከ6 ቀን ገደማ በኋላ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከሥሩ አብሩበት። የዳበረው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ያልዳበረው ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ቅርፊቱ በጣም ስስ ስለሆነ ሳትነኩት ብታዩት ይሻላል።

ዕድሜ ሲገፋ ያልዳበረው እየበዛ ይሄዳል። ወንዱም ያረጃል፤ ጥፋቱን ሁሉ ሴቷ ላይ አትጣሉት።