የሃይብሪድ መኪና ባትሪ በወሎ መንገዶች፦ ማቀዝቀዝና ደኅንነት

ሃይብሪድ መኪና የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የሚሠራ መኪና ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያቀብለው ትልቁ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከጀርባው ይቀመጣል። ባትሪው የሚመቸው ለሰው የሚመች ሙቀት ነው፤ ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ወሎ ደግሞ ደጋና ቆላ የተጎራበቱበት አገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ባቲ 1,500 ገደማ። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሹፌር ባቲ ሳይደርስ መስኮት ይከፍታል። ባትሪውም ያንኑ የአየር ለውጥ አብሮ ይቀበላል።

ከሃይብሪድ በፊት በዚህ መንገድ ስለ ማቀዝቀዝ ሲወራ የሚወራው ስለ ራዲያተር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ መንገድ ላይ ውሃ የፈላበት የጭነት መኪና ዳገት ላይ ጥጉን ይዞ ይቆም ነበር።

በብዛት ተፈትሾ የተጻፈለት ሃይብሪድ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ነው። በ2003 የወጣው ሁለተኛው ትውልድና በ2009 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ባትሪ ይዘዋል። 28 ሞጁሎች፣ ማለትም የባትሪው ክፍልፋዮች፣ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ 1.2 ቮልት የሆኑ 6 ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) አሉ። ድምሩ 201.6 ቮልት ይሆናል። የሴሎቹ ዓይነት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። እንደ ሊቲየም በቀላሉ እሳት የሚነሳበት አይደለም፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን ዕድሜው ያጥራል።

የሚሞቀውም በአየሩ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲገባበትም ሲወጣበትም ይሞቃል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪክ ሞተሩ የመኪናውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። እዚህ ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ማንሳት ግድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መኪናው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚያ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ሲሰላ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የፕሪየስ ባትሪ ጠቅላላ አቅም ግን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መኪናው የሚጠቀመውም ከዚያ ውስጥ ከግማሽ ያነሰውን ነው። ስለዚህ መንገዱ ሳያልቅ ባትሪው ይሞላል። ከሞላ በኋላ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ በቤንዚን ሞተሩና በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ማርሹ ላይ «ቢ» የሚለው ቦታ ለዚህ የተሠራ ነው። ገና ከላይ ጀምሮ «ቢ» ውስጥ አስገብቶ በዝግታ የሚወርድ ሹፌር ባትሪውንም ፍሬኑንም ያሳርፋል። የሐረጎ ሹፌሮች በከባድ ማርሽ መውረድን ሃይብሪድ ሳይመጣም ያውቁት ነበር።

የፕሪየስ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በተሳፋሪው ክፍል አየር ነው። ከኋላ ወንበር ጎን ፍርግርግ ያላት የአየር መሳቢያ ቀዳዳ አለች፤ በሷ በኩል ማራገቢያው አየሩን ስቦ በሞጁሎቹ መካከል ያሳልፋል። ወንበር ሥር ባትሪ ባላቸው ሃይብሪዶች መሳቢያዋ ከመቀመጫው ግርጌ ናት። ብዙ ባትሪ የሚጎዳው ይህች ቀዳዳ ስትዘጋ ነው። የወንበር ልብስ ይሸፍናታል። ከባቲ የሰኞ ገበያ የሚመለስ መኪና ማዳበሪያና ፌስታል ይደረድርባታል። የተጣለ ጋቢም ይበቃታል።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ፒስታ ላይ የሚሠራ መኪና ማራገቢያው ሲፈታ ምላጮቹ ላይ ባና የመሰለ ድፍን አቧራ ይገኛል። ማራገቢያው ይዞራል፤ አየር ግን አይስብም። ድምፁ ከወትሮው ከጮኸ ምልክት ነው። ፊልትሮ ያለው ሞዴል ፊልትሮው ይራገፋል፤ የሌለው ማራገቢያው ወጥቶ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ግድም የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየርም ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል። ኮምቦልቻና ቆቦ ላይ ቀትር ሲሆን ግን ኤሲ መክፈት ለተሳፋሪው ብቻ አይደለም፤ ባትሪው የሚስበው ያንኑ አየር ነው። ኤሲ ነዳጅ ይጨርሳል የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ ባትሪ ከመቀየር ግን በጣም ይረክሳል።

ከፊት ኩፋኖ ሥር ያለው ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ዕቃ፣ ደግሞ ከሞተሩ የተለየ የራሱ የማቀዝቀዣ ፈሳሽና ፓምፕ አለው። ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውሃ እዚያ ውስጥ ማስረጨት አይገባም።

ብርቱካናማ ገመድ የከፍተኛ ቮልት ገመድ ነው፤ አይነካም። ጥገና ሲደረግ መኪናው ይጠፋል፣ ቁልፉ ይርቃል፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ ይፈታል። ከዚያ ለ1,000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት ተደርጎ ባትሪው ላይ ያለው፣ ከፍተኛውን ቮልት የሚያቋርጠው ብርቱካናማ መሰኪያ ይነቀላል። ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሕይወት የሚጠፋውም እዚሁ ላይ ነው።

የመኪናው ኮምፒውተር ባትሪው መድከሙን የሚያመለክተውን ፒ0ኤ80 (P0A80) የሚል ኮድ ሲያወጣ የደከመውን ሞጁል ብቻ መቀየር ይበቃል ወይ የሚለው መካኒኮችን ያከራክራል። አንዱን አዲስ ከ27 አሮጌ ጋር ማሰለፍ አያዛልቅም የሚሉ አሉ። አቅሙን ለክቶ ተመሳሳይ ሞጁል መርጦ የሚገጥም ጎበዝ መካኒክ ግን ዕድሜ ሊጨምርለት ይችል ይሆናል። መሳቢያዋ ሳትጸዳ የገባ አዲስ ባትሪ ቶሎ እንደሚሞት ግን ምንም አያከራክርም። የሞጁሎቹ መዳብ ማያያዣ አረንጓዴ ዝገት ከያዘም አብሮ ይጸዳል።

የሊቲየም ባትሪ ያላቸው ሃይብሪዶች ጉዳይ አጭር ነው። አንዳንዶቹ በአየር፣ አንዳንዶቹ በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ። በአደጋ የተመታ የሊቲየም ባትሪ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ሐረጎ ላይ የተጋጨ መኪና ጋራዥ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተጠጋግቶ አያድርም፤ ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ ሜዳ ላይ ይቆማል። ከተቀጣጠለ በጥቂት ውሃ አይጠፋም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲጠሩ ሃይብሪድ መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።