ሆር-ፕላስ ምንድን ነው? የድሮ ጌም ሰፊ ስክሪን ላይ ሲከፈት

ቫይስ ሲቲ የሚባለውን የድሮ ጌም በዛሬ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቅርቡ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አገኘሁትና ወዲያው ጫንኩት። ጌሙ ተነሳ። ሙዚቃው ያው ነው። ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። ሰዎቹ አጥረዋል፣ ወፍረዋልም። መኪኖቹ ከላይ የተጫናቸው ነገር ያለ ይመስላሉ። ጥግ ላይ ያለችው ክብ ካርታ ደግሞ እንቁላል ሆናለች።

ጌሙ አልተበላሸም፣ ላፕቶፑም ደህና ነው። የሁለቱ ቅርጽ ነው ያልተገጣጠመው።

እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አብዛኛው የኮምፒውተር ሞኒተር 4 ለ3 ነበር። ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3። 640 በ480፣ 800 በ600፣ 1024 በ768፤ አካፍሏቸው፣ ሁሉም 1.33 ይመጣሉ። ጌም ሠሪው ስለ ስክሪን ቅርጽ መጨነቅ አልነበረበትም፣ ሁሉም ቤት ያለው ያው ነዋ። ከዚያ ላፕቶፑም ሞኒተሩም ወደ 16 ለ10፣ ቀጥሎ ወደ 16 ለ9 ሄደ። 16 ለ9 ሲካፈል 1.78 ነው። ቁመቱ ሳይነካ ወርዱ ላይ አንድ ሦስተኛ ተጨመረ ማለት ነው።

ያ የተጨመረው ቦታ በምን ይሞላ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰው "ይሄ ጌም ዋይድስክሪን (ሰፊ ስክሪን) ይደግፋል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ አዎ ወይም አይ መስማት ይፈልጋል። ሴቲንግ ውስጥ 1920 በ1080 የሚል ካየ "ይደግፋል" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ቁጥር መኖሩ ስዕሉ እንዴት እንደሚሞላ ምንም አይነግራችሁም። አንዳንዱ ጌም የ4 ለ3ን ስዕል እንዳለ ወደ ጎን ይለጥጠዋል፣ የኔ ቫይስ ሲቲ እንደሆነው። ይሄኛው በቀላሉ ይለያል፤ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ፈልጉ፣ ካርታም ይሁን የመኪና ጎማ፣ ክብ ካልሆነ ተለጥጧል። አንዳንዱ ደግሞ ስዕሉን መሃል ላይ አስቀምጦ ግራና ቀኙን ጥቁር ያደርገዋል።

ሳታውቁት የምትሸወዱት ግን በሚቀጥለው ነው።

ባለ ሦስት አውታር ጌም ውስጥ የምናየው በካሜራ ነው። ካሜራው የእይታ ማዕዘን አለው፣ ማለትም ወደ ጎንና ወደ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚያይ። ብዙ የድሮ ተኩስ ጌሞች ወደ ጎን 90 ዲግሪ ብለው ነው የተሠሩት። በ4 ለ3 ስክሪን ላይ 90 ወደ ጎን ሲሆን ወደ ላይና ታች 74 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አሁን ስክሪኑን 16 ለ9 አድርጉት። ጌሙ 90ን ሙጭጭ ብሎ ከያዘ፣ ቁመቱ ወደ 59 ዲግሪ ይወርዳል። ክቡ ክብ ነው፣ ሰው አልወፈረም፣ ስክሪኑም ሞልቷል። ግን ከላይና ከታች ተቆርጧል። ትልቅ ሞኒተር ገዝታችሁ የምታዩት ዓለም ጠበበ። ይሄ ቨርት-ማይነስ ይባላል፣ ቁመት ተቀነሰ ለማለት።

ሆር-ፕላስ ተቃራኒው ነው፣ ጎን ተጨመረ ለማለት። ቁመቱ 74 ዲግሪ እንዳለ ይቀመጥና ጎኑ ወደ 106 ዲግሪ ይሰፋል። ድሮ የምታዩትን ሁሉ ታያላችሁ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ይጨመርላችኋል። ለኔ "ዋይድስክሪን ይደግፋል" የሚባለው ይሄ ብቻ ነው።

ባዮሾክ የሚባለው የተኩስ ጌም በ2007 ሲወጣ ነገሩ በግልጽ ፈነዳ። ሰፊ ሞኒተር የገዙ ሰዎች 4 ለ3 ላይ የሚጫወተው ከነሱ የበለጠ እንደሚያይ ደረሱበት፣ ስክሪንሾቶቹንም ጎን ለጎን አድርገው አወጡ። ሠሪዎቹ ጌሙን መጀመሪያውኑ ለሰፊ ስክሪን እንደነደፉት፣ 4 ለ3 ላይ ጥቁር መስመር ላለማድረግ ከላይና ከታች እንደጨመሩ አስረዱ። ሂሳቡ ልክ ነው። ሰዎቹም ግን ልክ ነበሩ፣ ምክንያቱም የእጅና የመሣሪያው ስዕል ስክሪኑን ሲሞላው ጌሙ ያፍናል፣ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋልም። በኋላ ሠሪዎቹ ባወጡት ፓች (ማስተካከያ ፋይል) የምርጫ ቁልፍ ተጨመረ። ሃፍ-ላይፍ ደግሞ የ1998 ጌም ነው፤ የሰፊ ስክሪን የእይታ ማዕዘን በይፋ የገባለት 25ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ኅዳር 2023 ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት!

ታዲያ ለምን ቀድሞ አይስተካከልም? አንዳንዴ ማስተካከያው በጣም ትንሽ ነው። 1.33 የምትለዋ ቁጥር በጌሙ ዋና ፋይል ውስጥ በአራት ባይት ተጽፋ ትቀመጣለች። ያቺን ፈልጎ በ1.78 መተካት ነው። ለብዙ የድሮ ጌሞች ማንም ሳይከፍላቸው ይሄን ፈልፍለው ያገኙ ሰዎች አሉ፣ ለቫይስ ሲቲም እንዲሁ ጌሙ ፎልደር ውስጥ የሚጨመር ማስተካከያ አለ። ለነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ቁጥሯ ስትቀየር ግን ሌላ ነገር ብቅ ይላል። የድሮ ጌም ኮምፒውተሩን ላለማድከም ካሜራው የማያየውን ነገር አይስልም። ያ ስሌት በ4 ለ3 ከቀረ፣ ዳር ላይ ያሉ ዛፎችና ግድግዳዎች እያያችኋቸው ይጠፋሉ። በታሪክ ትዕይንቶች ላይ ደግሞ ተራውን የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ከፍሬም ውጭ ተገትሮ ይቆማል፤ ድሮ አይታይም ነበር፣ አሁን ይታያል። ሜኑውና የጤና መለኪያውም ለብቻቸው መስተካከል አለባቸው። ከቫይስ ሲቲ ቀጥሎ የመጣው ሳን አንድሪያስ የዋይድስክሪን ምርጫ ነበረው፣ ግን ካርታውና ጽሑፉ ተለጥጠው ቀርተዋል።

ከላይ የሚታዩ የስትራቴጂና የጀብዱ ጌሞች ላይ ደግሞ ጉዳዩ የፍትሕ ይሆናል። ሰፊ ስክሪን ያለው የበለጠ ሜዳ ካየ ጠላቱን ቀድሞ ያያል። ዲያብሎ 2 በ2000 ሲወጣ 640 በ480 ብቻ ነበር፣ በዓመቱ ማስፋፊያው 800 በ600 አመጣ፣ እዚያው ቆመ። በ2021 እንደገና ሲሠራ እንኳ እጅግ ሰፊ ሞኒተር ላይ ዳሩን መገደብ ነበረባቸው፤ ጭራቆቹ የሚነቁት የተወሰነ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ከዚያ አርቆ ካየ ሳይነቁ ይገድላቸዋል። ዋርክራፍት 3 የ2002 ሆኖ ሰፊ ስክሪን በትክክል ያገኘው በ2018 ነው።

ጭራሽ የማይሰፉም አሉ። ፋይናል ፋንታሲ 7 እና የመጀመሪያው ሬዚደንት ኢቭል ከበስተጀርባ ያለው ቦታ ቀድሞ ተስሎ ያለቀ ፎቶ ነው። ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ምንም የለም። እነዚህን መለጠጥ የሠዓሊውን ሥራ ማበላሸት ነው፣ መቁረጥም እንደዚያው። ጥቁሩ ዳር ይኑር።

ጥቁሩን ዳር ለማግኘት ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት ማስተካከያ) ፍለጋ አትድከሙ። የግራፊክስ ካርዳችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስኬሊንግ የሚል ቦታ አለ፣ "ሙሉ ስክሪን" ከሚለው አውጥታችሁ የስዕሉን ምጥጥን ጠብቅ የሚለውን ምረጡ። ላፕቶፓችሁ እንደ ብዙዎቹ 1366 በ768 ከሆነ ጌሙን 1024 በ768 ላይ ክፈቱት፤ ቁመቱ በልኩ ይገጥማል፣ ስዕሉ አይደበዝዝም፣ በግራና በቀኝ 171፣ 171 ፒክስል ብቻ ጥቁር ይሆናል።