የከፍታ ቡና ምንድን ነው?

ቅዳሜ ገበያ ቡና ስትገዙ «ይሄ የከፍታ ነው፣ ሽታው ብቻ ይበቃል» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። እውነትነት አለው። ግን ከፍታው ራሱ አይደለም ቡናውን የሚያጣፍጠው፤ ብርዱ ነው።

100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የቡናው ፍሬ አይቸኩልም። ቆላ ላይ ቶሎ ቀልቶ የሚያልቀው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተጨማሪ ሳምንታት ዛፉ ላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ስኳሩን ያከማቻል፣ ያቺን ደስ የምትል ኮምጠጥ ያለች ጣዕም ይይዛል፣ ፍሬውም ይጠጥራል። ጥሬ ቡና መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ ያለችውን መስመር እዩ። የከፍታው ቡና መስመሩ ግጥም ያለ፣ ጠመም ጠመም ያለ ነው። የቆላው ገርበብ ይላል። ብረት ምጣድ ላይም የከፍታው እሳት ይፈልጋል፤ ቶሎ አይጠቁርም።

እንግዲህ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የይርጋጨፌ ቡና የሚበቅለው ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ነው። ታዲያ እኛ ጎንደር ላይ ቡናው ለምን እንደ ይርጋጨፌ አይሆንልንም?

አንዱ ዝናቡ ነው። የእኛ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። ይርጋጨፌ በልጉንም ክረምቱንም ያገኛል። ቡና አጭር ደረቅ ጊዜ ይወዳል፤ ከዚያ ዝናብ ሲያርሰው ነጭ አበባው ባንዴ ይፈካል። የእኛ በጋ ግን ይረዝምበታል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገርም ይኼው ነው። በዙሪያችን ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍና ለሽምብራ እሰየው ነው። የቡና ሥር ግን ክረምት ይታፈንበታል፣ በጋ ይበጠስበታል። ቡና የሚፈልገው ውሃ የሚያሳልፍ፣ ጥልቅ፣ ትንሽ አሲድ ያለው፣ ቅጠል የበሰበሰበት ቀይ አፈር ነው። ከፍታም ቢሆን ልክ አለው፤ ወደ ዳባትና ደባርቅ ከወጣን ብርዱ ለቡና አይሆንም። ከጣና ማዶ ዘጌ ቡና የበረከተው ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ሐይቁ አየሩን እያለዘበለት፣ የገዳማቱ ደን ጥላ ሆኖለት ነው።

እናቴ ግቢ ሦስት እግር ቡና አለ። ሁለቱ ዋንዛው ሥር ናቸው፣ አንዱ የቆርቆሮው አጥር ጥግ። በጋውን ሙሉ ውሃ ታጠጣቸዋለች። የአጥሩ ጥግ ያለው ቀልቶ ሲያልቅ የዋንዛው ሥር ገና አረንጓዴ ነበር። ለያይተን ለቀምናቸው፣ ለያይተን ቆላናቸው። እናቴ ሁለቱንም ፉት አለችና የዋንዛውን ሲኒ ወደ ራሷ ሳበችው። በማግስቱ የዋንዛ ቅጠል ጠርጋ አጥሩ ጥግ ላለው ቡና ሥሩ ላይ ከመረችለት።